«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ሳይሰማ ያደገ ሰው ያለ አይመስለኝም። ገበያ ስንወጣ፣ ቤት ስንከራይ፣ ገንዘብ ስናበድር ከኋላችን ቆሞ ጎንተል ያደርገናል። ብዙ ጊዜም ጠቅሞናል። ይሁንና አንድ አባባል በገበያ ስለ ሠራ በሁሉም ቦታ ይሠራል ማለት አይደለም። እናት ልጇን፣ መምህር ተማሪውን፣ ሐኪም በሽተኛውን በዚህ ተረት ብቻ ቢይዙ ኖሮ ኑሯችን ሁሉ የወህኒ ቤት ኑሮ በሆነ ነበር። ዛሬ አንባቢን ላወያይ የፈለግሁት ተረቱ ሥር ስለ ሰደደበት አንድ ተቋም ነው፤ ስለ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ በሕዝብ ገንዘብ የቆመና «የሕዝብ» ተብሎ የተሰየመ ቤት ሕዝቡን የመጠርጠር መብት አለውን? ካለውስ እስከ ምን ድረስ?

«ለመጽሐፍ ነው ይህ ሁሉ ሙግት?» የሚል አይጠፋም። ግን እስቲ በአገራችን ወዳለ አንድ የተለመደ የንባብ ቤት አብረን እንግባ። በር ላይ ቦርሳችንን እናስረክባለን። መታወቂያችንን እንሰጥና በምትኩ ቁጥር ያለበት ካርቶን እንቀበላለን። የምንፈልገውን መጽሐፍ መለያ ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ጽፈን ለሠራተኛው እናቀብላለን፤ መደርደሪያዎቹ ዘንድ ራሳችን መድረስ የማንችልበት ቤት ብዙ ነውና። መጽሐፉ ሲመጣልን እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን እናነባለን። ሰዓቱ ሲደርስ እንመልሳለን፤ ስንወጣም እንፈተሻለን። መጽሐፉን ቤታችን ወስደን፣ ራታችንን በልተን፣ ልጆቻችንን አስተኝተን በእርጋታ እናንብብ ብንል መልሱ በአብዛኛው «አይቻልም» ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ጽሑፍ መረጃ ስሰበስብ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የንባብ ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወርሐዊ የሥራ ሪፖርት አየሁ። የተጠቃሚው ብዛት በወንድና በሴት ተከፍሎ ሰፍሯል። በስጦታ የተገኙ መጻሕፍት፣ የተጠገኑ ወንበሮች፣ የተቃጠሉ አምፖሎች ሁሉ ተቆጥረዋል። በመጨረሻው ረድፍ ላይ «የጠፋ መጽሐፍ፦ የለም» ይላል። የቤቱ ኃላፊ ሪፖርቱን ሳነብ አይተው ጠጋ አሉና በኩራት፣ «በእኔ ጊዜ አንድም አልጠፋም» አሉኝ። «በወሩ ውስጥ ተውሶ የወጣውስ ስንት ነው?» ስል ጠየቅኋቸው። «እኛ እኮ አናውስም» አሉ፤ ጥያቄዬ ራሱ ገርሟቸው።

ሰውዬው ክፉ አልነበሩም። ቆየት ብለው እንዳስረዱኝ፣ መጽሐፉ ወደ ቤቱ ሲገባ እንደ ጠረጴዛና እንደ ወንበር በንብረት መዝገብ ይሰፍራል። እርሳቸው ፈርመው ይረከባሉ። ሥራ ሲለቁ ደግሞ እየተቆጠረ ያስረክባሉ። ከጎደለ የሚጠየቁት እርሳቸው ናቸው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ግዴታ የተጫነበት ሰው መጽሐፉ እንዲነበብለት ይመኛል ወይስ እንዲቀመጥለት? መልሱ ግልጽ ነው። አንድ ሰው ስለ ብዛቱ የሚመሰገንበት ነገር ሌላ፣ ስለ መጥፋቱ የሚቀጣበት ነገር ሌላ ሲሆን፣ ቅጣቱ ምስጋናውን ያሸንፋል። ስለዚህ ጥርጣሬው ከሰውዬው ልብ የመነጨ አይደለም፤ ከደንቡ የመጣ ነው። ደንብ ደግሞ የሰው ሥራ ስለ ሆነ ትክክል ነው ወይስ አይደለም ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በእርግጥ መጽሐፍን አጥብቆ መጠበቅ ትናንት የተጀመረ ልማድ አይደለም። አባቶቻችን ብራናውን በማኅደር ከተው በግድግዳ ይሰቅሉት፣ በዕቃ ቤት ይቆልፉበት ነበር። በብዙዎቹ የብራና መጻሕፍት መጨረሻም መጽሐፉን የሰረቀውን፣ የፋቀውን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ያወጣውን ሁሉ የሚያወግዝ የግዝት ቃል ይገኛል። አውሮፓውያንም በበኩላቸው መጽሐፍን በብረት ያስሩ ነበር። በእንግሊዝ አገር በሄሬፎርድ ካቴድራል መጻሕፍቱ ከመደርደሪያው ጋር በሰንሰለት የተያያዙበት ቤተ መጻሕፍት እስከ ዛሬ ለጎብኚ ይታያል። ሁለቱም በቂ ምክንያት ነበራቸው። አንድ መጽሐፍ ለማዘጋጀት የብዙ ፍየልና በግ ቆዳ ይፋቃል፤ ቁም ጸሐፊው ወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደክምበታል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ አንዴ ከጠፋ አይተካም። የማይተካን ነገር በግዝትም በሰንሰለትም መጠበቅ ብልህነት ነው።

የማተሚያ መኪና ከመጣ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ዛሬ ከንባብ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ያለው የሒሳብ መማሪያ፣ ልብ ወለድ ወይም የእርሻ መጽሐፍ በሺሕ ቅጂ ከታተመው አንዱ ነው። ቢጠፋ ያበሳጫል፤ ገንዘብም ያስወጣል፤ ነገር ግን ይተካል። እኛ ግን ለብራናው የወጣውን ሕግ በታተመው መጽሐፍ ላይ እንዳለ አስቀጠልነው። ልዩነቱን ልብ እንበል፦ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችን፣ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመውና ብዙዎቻችን «ወመዘክር» እያልን የምንጠራው፣ የአገርን ቅርስ ለመጪው ትውልድ የማቆየት አደራ ስላለበት መጽሐፍ ከግቢው አይውጣ ቢል አልፈርድበትም። አንዱ ቤት የማስቀመጥ፣ ሌላው ቤት የማዳረስ ሥራ አለው። የእኔ ቅሬታ የሰፈሩና የከተማው የንባብ ቤት ሁሉ ራሱን እንደ ወመዘክር ማየቱ ላይ ነው።

የተዋሱትን ስለ መመለስ ስናነሳ የፍልስፍናን አንድ ጥንታዊ ወግ ማስታወስ ሳይጠቅም አይቀርም። ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው ድርሰቱ መግቢያ ላይ ኬፋሎስ የሚባል ባለጸጋ ሽማግሌ ያቀርባል። ሽማግሌው ስለ ፍትሕ ያለው አስተያየት እውነት መናገርና የሰውን ዕዳ መመለስ ነው ወደሚል ያዘነብላል። ሶቅራጥስ ግን አይለቀውም። አንድ ወዳጅህ አእምሮው ጤነኛ ሳለ የጦር መሣሪያውን በአደራ ቢሰጥህና ካበደ በኋላ መልስልኝ ቢልህ ትመልስለታለህን? ይለዋል። አትመልስለትም። እንግዲያው ፍትሕ የተዋሱትን መመለስ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ነገሩ ለምን እንደ ተሰጠና በማን ላይ ምን እንደሚያደርስ ማየት ያስፈልጋል ማለት ነው።

ሶቅራጥስ ጥያቄውን ያቀረበው ስለ ተዋሹ ነው። እኔ ደግሞ ገልብጬ ስለ አዋሹ ልጠይቅ። የራሱ ያልሆነን ነገር በአደራ የያዘ ሰው፣ ነገሩ ይጎዳብኛል ብሎ ለባለቤቱ ቢከለክል አደራውን ጠበቀ ይባላልን? ጎረቤቴ ጤፉን እንዳስቀምጥለት ቢሰጠኝና ልጆቹ ሲራቡ «ስፈጭልህ ይጎድላል» ብዬ ብዘጋበት፣ ከጤፉ አንድ ፍሬ ስላልጎደለ ታማኝ ልባል ነው? አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ጥብቅነቱ ግን ለባለቤቱ ጥቅም ሲባል ነው። የሕዝብ መጽሐፍ ባለቤት ደግሞ አንባቢው ነው።

ይህ ለአንዳንዱ የቃላት ጨዋታ ቢመስልም ከባድ የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ። በሰፈራችን አንድ ልብስ ሰፊ አሉ። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ ከመኪናቸው አጠገብ መጽሐፍ የማይለያቸው ሰው ናቸው። የንባብ ቤቱ ከሥራቸው ብዙም አይርቅም። ነገር ግን እርሱ የሚከፈተው እርሳቸው መቀስ በሚይዙበት ሰዓት ነው። እርሳቸው መኪናቸውን ሲሸፍኑ እርሱም ይዘጋል። «እኔ እኮ የምሞተውም የማነበውም ማታ ነው» ብለው ቀልደውብኛል። ተማሪ ወንበር ይዞ ሊውል ይችላል። ሥራ ፈላጊም እንዲሁ። የቀን ሠራተኛው፣ የቤት እመቤቷ፣ እግሯ የማይታዘዝላት አሮጊት፣ ሕፃን ያዘለች እናት ግን መጽሐፉ ካልወጣላቸው በቀር አያነቡም። ስለዚህ «አናውስም» የሚለው ቃል፣ ሳያስበው፣ ከሕዝቡ ግማሹን በር ላይ ይመልሳል። በሪፖርቱ ላይ ግን ያልመጣ ሰው አይቆጠርምና ጉድለቱ አይታይም።

ሌላ አገር ይህን እንዴት እንደያዙት ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በ1848 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በደጁ ላይ «ለሁሉም በነጻ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ዛሬ በዚያ አገር በብዙ ትንንሽ ከተሞች ሳይቀር ቤተ መጻሕፍቱን የሚመራ ቦርድ አለ። የቦርዱ አባላት መጠሪያ በእኛ ቋንቋ «ባለአደራ» ማለት ነው። በአብዛኛው በወር አንድ ጊዜ ይሰበሰባሉ። ስብሰባው ለከተማው ነዋሪ ክፍት ነው፤ የቤቱ ኃላፊም የወሩን ሥራ ያቀርባል። ስንት ሰው ገባ፣ ስንት መጽሐፍ ወጣ፣ ስንቱ ተመለሰ፣ ስንት አዲስ የአባልነት ካርድ ተሰጠ፣ ለሕፃናት ተረት በሚነበብበት ሰዓት ስንት ልጅ ተገኘ፣ ከቤት መውጣት ለማይችሉ አረጋውያን ስንት መጽሐፍ ተላከ፣ ከሌላ ከተማ ስንት መጽሐፍ ለአንባቢ ተለምኖ መጣ የሚለው ሁሉ ይነገራል። ሥራ ለሚፈልግ ሰው ማመልከቻ መጻፍ የሚያግዙ፣ ለዜግነት ፈተና የሚያዘጋጁ አሉ። መሰርሰሪያ፣ የኬክ መጋገሪያና የአትክልት ዘር የሚያውሱም አሉ። በዋሽንግተን ዲሲና በሲያትል የሚኖረው ወገናችንም በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተውሶ ለልጁ ማንበብ ይችላል።

እነርሱም ቢሆኑ ከጥርጣሬ ነጻ አልነበሩም። የእነርሱ ግዝት የገንዘብ ቅጣት ነበር። መጽሐፍ የዘገየበት ሰው በየቀኑ ሳንቲም ይቆጠርበታል። ቅጣቱ ሲጠራቀም ካርዱ ይታገዳል። ለብዙ ዘመን ይህ ፍትሐዊ መስሎ ኖረ። በኋላ ግን ራሱን ቅጣቱን መመርመር ጀመሩ። በሳንዲያጎ ከተማ ቅጣቱን ለመሰብሰብ የሚወጣው ወጪ ከሚሰበሰበው ገንዘብ በልጦ ስለ ተገኘ በ2018 እ.ኤ.አ. ቀረ። ቺካጎ በጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. አስቀረች። በቀጣዮቹ ሳምንታት የዘገዩ መጻሕፍትን የሚመልሰው ሰው በእጅጉ ጨመረ። በኒው ዮርክ ከተማ በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ቅጣቱ ሲነሣ 400,000 ገደማ ሰዎች ካርዳቸው ታግዶ ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የችግረኞች ሰፈር ነዋሪዎች ነበሩ።

የቺካጎው ነገር ሊታሰብበት የሚገባ ይመስለኛል። ያ ሁሉ ሰው መጽሐፉን ቤቱ ያስቀመጠው ሌባ ስለ ሆነ አልነበረም። ቅጣቱን ፈርቶ ነበር። ለሀብታሙ የዘገየበት ሳንቲም ምንም አይደለም፤ ከፍሎ ይቀጥላል። ድሀው ግን በመጀመሪያ ያፍራል፤ ቀጥሎ ይሸሻል፤ በመጨረሻም መጽሐፉም እርሱም ይቀራሉ። መመለስን እንዲያበረታታ የተባለው ቅጣት መመለስን ከለከለ ማለት ነው። ቅጣቱን ያስቀሩት ቤቶች ግን የሞኝ ሥራ አልሠሩም። መጽሐፉን ጨርሶ ያልመለሰ ሰው ዋጋውን እስኪተካ ወይም መጽሐፉን እስኪያመጣ ድረስ ሌላ አይዋስም። ማዘግየትን ከማስቀረት ለይተው አዩ እንጂ አንባቢው ያሻውን ያድርግ አላሉም።

«እነርሱ ሀብታሞች ናቸው። ቢጠፋባቸው ይተካሉ። እኛ ዘንድ መጽሐፉ አንድ፣ ፈላጊው መቶ ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተቃውሞው ክብደት አለው። የወረቀት ዋጋ ምን እንደ ደረሰ መጽሐፍ የገዛ ሁሉ ያውቃል። አሪስቶትልም የብዙ ሰው የጋራ የሆነ ነገር ተንከባካቢው ጥቂት ነው ብሎ ካስጠነቀቀ ከሁለት ሺሕ ዓመት በላይ ሆኖታል። በእኛም አገር «መጽሐፍ ያዋሰ ሞኝ፣ የመለሰ የባሰ ሞኝ» እየተባለ ሲቀለድ ሰምቻለሁ። እንግዲህ ለዚህ መልስ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። እድራችንን እንመልከት።

እድር ድንኳን አለው፤ አግዳሚ፣ ብረት ድስት፣ ሳሕን፣ ብርጭቆ አለው። ሁሉም የጋራ ነው። ሐዘን ሲደርስ ዕቃው ተቆጥሮ ይወጣል፤ ሐዘኑ ሲያበቃ ተቆጥሮ ይገባል። የተሰበረ ብርጭቆ ካለ የወሰደው ቤት ይተካል። ለቅሶ የደረሰበትን ሰው «ድንኳኑን ትሰርቀናለህ» ብሎ መታወቂያ የሚይዝ የእድር ዳኛ ግን አላየሁም። ብርጭቆ ይሰበራል ተብሎም ዕቃ ቤቱ ተቆልፎ አይቀመጥም። አስቡት፤ የእድር ዳኛ በወሩ ስብሰባ ተነሥቶ «በዚህ ዓመት አንድም ብርጭቆ አልተሰበረም፤ ለማንም አልሰጠንምና» ቢል ምን ይገጥመዋል? በዚያው ስብሰባ ይሻራል። እኛ በድስት ያልታገሥነውን ነገር በመጽሐፍ ታግሠናል።

በንባብም ቢሆን ልምዱ አለን። ከ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ዐዋጅ በኋላ የግል ጋዜጦች በበዙበት ዘመን በአራት ኪሎ ጋዜጣ የሚያከራዩ ልጆች ነበሩ። ለመግዛት አቅም ያጣ አንባቢ ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ፣ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንብቦ ይመልስ ነበር። የልብ ወለድ መጻሕፍትን በመያዣ እያስያዙ በቀን ሒሳብ የሚያከራዩ ባለ ሱቆችም ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በጎ አድራጊዎች አይደሉም፤ ለእንጀራቸው የሚሠሩ ነጋዴዎች ናቸው። አንዳንድ ጋዜጣ ይቀደድባቸዋል፤ አንዳንድ መጽሐፍ ይቀርባቸዋል። ሒሳባቸው ውስጥ አስገብተውት ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ከኪሱ የሚከስረው ነጋዴ ያመነውን አንባቢ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ቤት ሊያምነው አለመቻሉ ግራ ያጋባል።

ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የተባሉት ኢትዮጵያዊ በሳንፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ባለሙያ ነበሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በኋላም በአዋሳ በአህያ ጋሪ መጻሕፍትን ወደ ልጆች መውሰድ ተጀመረ። አቧራ፣ ፀሐይ፣ የልጅ እጅ ያለበት ቦታ ለመጽሐፍ እንደማይመች ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። የልጅ እጅ ያልነካው የልጆች መጽሐፍ ምን ይረባል ብለው ነው መሰለኝ።

የአሪስቶትል ማስጠንቀቂያ ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። እድር የሚሠራው አባላቱ ስለሚተዋወቁ ነው፤ የከተማ አንባቢ ግን እንግዳ ነው ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ሆኖም መተዋወቅ ራሱ ከየት መጣ? በየወሩ ከመሰብሰብ፣ ሒሳቡን ከመስማት፣ ጉድለቱን አብሮ ከመሙላት አይደለምን? ሰው የራሱ የሆነውን ነገር የሚጠብቀው የራሱ መሆኑን ሲነግሩት ብቻ አይደለም፤ ሲያሳዩት ነው። ቤተ መጻሕፍታችን ወርሐዊ ሪፖርቱን ወደ በላይ አካል ይልካል እንጂ ለአንባቢው አያቀርብም። ስለ መጽሐፉ ዋጋ፣ ስለ በጀቱ፣ ስለ ጠፋው ምንም ያልሰማ ሰው እንግዳ ሆኖ ቢቀር ምን ይገርማል? እንደ ሌባ የተፈተሸ ሰው ደግሞ መጽሐፉን ሲያገኝ ገጽ ቢቀድበት «የእኔ አይደለም» የሚል ሰበብ አስቀድመን ሰጥተነዋል።

በበኩሌ መታመን የመልካም ጠባይ ሽልማት ብቻ ነው ብዬ አላምንም። መንስኤውም ነው። ልጅ በመጀመሪያ ሳንቲም ይዞ ሱቅ የተላከ ዕለት ታማኝነቱን አስመስክሮ አልነበረም፤ በመላኩ ነው የተማረው። አንዳንዱ ሳንቲሙን ከረሜላ ይገዛበታል። እናቱ ትቆጣዋለች እንጂ ከእንግዲህ ልጅ ሱቅ አይላክም ብላ አትደነግግም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ቅርስ የሆነው መጽሐፍ ተለይቶ ይጠበቅ። የተቀረው በአንድ ዋስ ወይም በመጠነኛ ማስያዣ ይውጣ፤ ማስያዣ የሌለው በእድሩ ወይም በትምህርት ቤቱ ዋስትና ይዋስ። በአግባቡ አውሶ መጽሐፍ የጠፋበት ሠራተኛ ከደመወዙ አይጠየቅ፤ በየዓመቱ ይጠፋል ተብሎ የሚገመተው በበጀቱ ይያዝለት። በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከተማችን ለንባብ ትልቅ ሕንፃ መሥራት እንደምትችል አሳይቷል። ለመተማመን የሚሆነው ደንብ ግን በሲሚንቶ አይሠራም፤ በየሰፈሩ ባሉ ትንንሽ ቤቶች መጀመር አለበት።

የወሩ ሪፖርትም ይለወጥ። የወጣው፣ የተመለሰው፣ የዘገየው፣ የጠፋው ተጽፎ በር ላይ ይለጠፍ። ዓመት ሙሉ ማንም ያልገለጠው መጽሐፍ ስንት እንደሆነም ይጻፍ። ከጠፋው መጽሐፍ ይልቅ ያ ቁጥር ቢያሳፍረን ደስ ይለኛል። የጠፋው መጽሐፍ ቢያንስ አንድ ሰው ፈልጎታል። «የጠፋ፦ የለም» የሚል ሪፖርት ባየን ጊዜ ኃላፊውን ከማመስገናችን በፊት የወጣው ስንት እንደሆነ እንጠይቅ። ተረታችንንም ከተጠቀምንበት እዚህ ላይ እንጠቀምበት፤ ሊጠረጠር የሚገባው እንዲህ ያለው ሪፖርት ነው።